«መርዙ ቀላል ነው» ሲባል

ሾካሪ ስለተባለው የበረሃ እባብ «መርዛም ነው፣ አይደለም» የሚለው ክርክር አላባራም። መርዝ አለው። ነገሩ ያለው ጥርሱ ላይ ነው፤ የእፉኝት መርዝ ጥርስ ከአፏ ፊት ለፊት ሲሆን የሾካሪ ግን ወደ ኋላ፣ ከዓይኑ በታች ገደማ ነው። ስለዚህ ነክሶ ወዲያው ከለቀቀ ብዙ መርዝ ላያስገባ ይችላል። እንሽላሊት ሲያድን እዩት፦ በቀን ብርሃን እንደ ቀስት ተወርውሮ ይይዛታል፤ ከዚያ አጥብቆ ነክሶ፣ እያላመጠ፣ እስክትዝል ድረስ አይለቃትም። እንዴት ያለ አዳኝ ነው!

በሰው ላይ በአብዛኛው የሚያስከትለው የተነከሰውን ቦታ ማሳመምና ማሳበጥ ነው። መጠኑ ግን ነክሶ በቆየበት ጊዜና በተነካሹ ሰውነት ይለያያል። መልኩም ከሞሮኮ እስከ ሕንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ባለ መስመር አለ፣ መስመር የሌለውም አለ። በቀለም ብቻ «ይህ ሾካሪ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የተነከሰ ሰው ሐኪም ይየው።