«ሆድ ከአገር ይሰፋል»፤ ግን ምን ምኑን ይያዝ?

«ሆድ ከአገር ይሰፋል» ይባላል። ሰው ተበድሎ ችሎ ሲያልፍ፣ ምስጢር ሰምቶ ውጦ ሲያስቀር። አባባሉ የበቀለበት መሬት ከቋንቋችን ይታያል። በአማርኛ ሆድ የእህል ማደሪያ ብቻ አይደለም። ስናዝን ሆድ ይብሰናል፤ ስንቀያየም ሆድና ጀርባ እንሆናለን፤ የማይነገረውን ሆድ ይፍጀው እንላለን።

ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ይህ ሆድ ከሌለው ጉድ ነው። ባል ያለውን ለሚስት ቢያደርስ እርቁ እዚያው ይፈርሳል። ግን ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ሁለቱም ወገን ያውቃል። አባባሉን ስንተረጉም ይህችን እንረሳታለን። ሆድ የሚይዘው በአደራ የተነገረውን ነው፤ ማን እንደተቀመጠና እንዴት እንደተመረጠ አይደለም።

አይኢቲኤፍ የሚባለው ማኅበረሰብ ይህን ለመለየት ዓመታት ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረ ነው። ኢሜይል የሚላክበትን ሥርዓት ጨምሮ ብዙዎቹን የኢንተርኔት ፕሮቶኮሎች፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚግባቡባቸውን ደንቦች፣ የሚያወጣው እሱ ነው። ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ይሳተፋሉ፤ የአባልነት ምዝገባ የለም። አባል ከሌለ የመራጮች መዝገብም የለም። ስለዚህ መሪዎቹን የሚመርጥ አስመራጭ ኮሚቴ በየዓመቱ ይቋቋማል። ድምፅ ያላቸው 10 ሰዎች ከፈቃደኞች መካከል በዕጣ ይወጣሉ።

ዕጣው በጣም ደስ ይለኛል። የፈቃደኞቹ ስም ተራ ቁጥር ተሰጥቶት አስቀድሞ ይለጠፋል። ከዚያ ገና ያልታወቁ፣ ማንም እጁን ሊያስገባባቸው የማይችል ቁጥሮች ይመረጣሉ፤ ለምሳሌ በተባለው ቀን የሚወጣ የሎተሪ ቁጥር። ቁጥሩ ሲወጣ ሁሉም በሚያውቀው ስሌት ውስጥ ይገባና ስሞቹ ይለያሉ። የተጠራጠረ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ያሰላዋል።

ኮሚቴው ሥራ ሲጀምር ግን በሩ ይዘጋል። ስለ ዕጩዎች የሚነገረው ሁሉ ምስጢር ነው። ልክ ነው እላለሁ። «ጎበዝ ነው፤ ግን ሰው ሲናገር አያስጨርስም» ብሎ በአደባባይ የሚጽፍ ማን ነው? ነገ አብሮት ይሠራል እኮ።

ችግሩ የዕጩዎቹ ስምም ምስጢር መሆኑ ነበር። ኮሚቴው አስተያየት ለመሰብሰብ ስሞቹን ለተወሰኑ ሰዎች ይልክ ነበር። እውነተኞቹ እንዳይለዩ ደግሞ ዕጩ ያልሆኑ ሰዎችን ስም ይቀላቅልበት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ላልተወዳደረ ሰው ቁጭ ብላችሁ ምስክርነት ትጽፋላችሁ። ዝርዝሩ ያልደረሰው ደግሞ ለዓመታት አብሮት የሠራው ሰው መታጨቱን እንኳ አያውቅም። ይህ አደራ መጠበቅ አይመስለኝም። የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለሁለት መክፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደንቡ ተሻሻለ። ለመወዳደር ፈቃደኛ የሆኑ ዕጩዎች ስም ለሁሉም እንዲገለጽ ተፈቀደ። አስተያየቱ ግን እንደ ድሮው ለኮሚቴው ብቻ ይሰጣል። ዕጩው ድጋፍ አያሰባስብም፤ ሌላውም በአደባባይ «እሱን ምረጡ» ወይም «እሱን ተዉት» አይልም። ዋጋ አላስከፈለም አልልም። ስሙ ወጥቶ ሳይመረጥ የቀረን ሰው አለቃው ሳይቀር ያውቅበታል። ይህን ፈርቶ ከነጭራሹ የሚቀር ይኖራል። እኔ ግን ብዙ ሰው ሳይጠየቅ ከሚቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

በነፃ ሶፍትዌር የሚታወቀው ዴቢያን የሚባለው ፕሮጀክት መስመሩን ሌላ ቦታ ነው ያሰመረው። የፕሮጀክቱን መሪ ለመሆን የሚወዳደር ሰው ዕቅዱን ጽፎ ያወጣል፤ ጥያቄ ሁሉ በግልጽ ይቀርብለታል። ምስጢሩ ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ብቻ ነው። በሌሎች ውሳኔዎች ላይ ግን የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ከነስሙ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ያም እንዲሸፈን ወሰኑ። ድምፅ የሰጠ ሰው በተሰጠው የምስጢር ኮድ ከውጤቱ ዝርዝር ውስጥ የራሱን ድምፅ ፈልጎ ያገኛል፤ በትክክል መቆጠሩንም ያጣራል።