ተመልካች የራቀውን የጠዋት ፕሮግራም እንደገና ማስጀመር

የጠዋት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ከቤት እስኪወጣ ባለው ጊዜ በቀጥታ የሚተላለፍ፣ ዜናን፣ የአየር ሁኔታን፣ ቃለ መጠይቅንና ጨዋታን ያቀላቀለ ዝግጅት ነው። ተመልካቹ ሲሸሽ ጣቢያዎች ስሙን፣ አቅራቢዎቹን፣ ስቱዲዮውን ወይም ሁሉንም ለውጠው በአዲስ መልክ ያስጀምሩታል። በቴሌቪዥን ዓለም ይህን ያህል ተሞክሮ ይህን ያህል የከሸፈ ሥራ ጥቂት ነው። የተሳካላቸው የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ፤ ከስቱዲዮው ቀለም በፊት ያስተካከሉት ሶፋው ላይ የሚቀመጡትን ሰዎችና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠዋት ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ቁጭ ብሎ አያይም። ልጅ ያለብሳል፣ ቁርስ ያቀርባል፣ የጠፋ ጫማ ይፈልጋል። ጆሮው ሳሎን ነው፣ ዓይኑ ግን ብቅ ጥልቅ ይላል። ስለዚህ ዝግጅቱ በአብዛኛው የሚሠራው ለጆሮ ነው። ሰዓቱ ከስክሪኑ ጥግ አይጠፋም፣ ዋና ዋና ዜናዎች በየግማሽ ሰዓቱ ይደጋገማሉ፣ የአየር ሁኔታው በታወቀ ደቂቃ ይመጣል። ስፖርቱ ሲጀምር ልጆቹ ቦርሳቸውን መያዝ እንዳለባቸው የሚያውቅ ቤት ብዙ ነው። አዲስ የተሾመ አዘጋጅ ያንን የስፖርት ክፍል ወደ 10 ደቂቃ ቢያዘገየው በወረቀት ላይ ትንሽ ለውጥ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ሰው አርፍዶ ይወጣል። ተመልካች በአንድ ቀን ተነሥቶ አይሄድም። አንድ ጠዋት ሌላ ጣቢያ ይሞክራል፣ ሌላ ቀን ይደግመዋል፣ ከዚያ አዲሱ ልማዱ ይሆናል። እሱን መመለስ ማለት ያንን ልማድ እንደገና ማስተው ነው፤ በአንድ ሳምንት የማስታወቂያ ዘመቻ የሚሆን አይደለም።

ጣቢያዎች ይህን ሁሉ ጣጣ የሚሸከሙት ገንዘቡ ትልቅ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ የትልልቆቹ ኔትወርኮች የዜና ክፍሎች ከፍተኛ ገቢ የሚያገኙት ከጠዋቱ ፕሮግራም ነው፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም በተለይ ከ25 እስከ 54 ዓመት ያሉትን ተመልካቾች ይቆጥራሉ። በዚህ ምክንያት ትንሽ የተመልካች ልዩነት እንኳ አለቆችን እንቅልፍ ይነሣል።

የመጀመሪያው ችግርና መድኃኒቱ

የዘርፉ አባት የአሜሪካው ጣቢያ የኤንቢሲ "ቱዴይ" ነው። በጃንዋሪ 14 ቀን 1952 በኒውዮርክ ሲጀመር ሐሳቡ የጣቢያው ኃላፊ የፓት ዊቨር፣ አቅራቢው ደግሞ ዴቭ ጋሮዌይ ነበር። ተቺዎች አልወደዱትም፣ ማስታወቂያም በቀላሉ አልመጣለትም። በ1953 ጄ. ፍሬድ ማግስ የተባለ ቺምፓንዚ ከጋሮዌይ ጎን ተቀመጠ። ልጆች እንስሳውን ለማየት ቴሌቪዥኑን አስከፈቱ፣ ወላጆች አብረው ቀሩ፣ አስተዋዋቂዎችም ተከተሉ። ቤተሰቡን በልጆቹ በኩል የማግኘት ዘዴ ከ30 ዓመት በኋላ በሌላ አገር እንዲሁ ሠርቷል።

ቲቪ-ኤኤም፣ 1983

ያ አገር ብሪታንያ ነው፤ የጠዋት ዝግጅት ብቻ የነበረው ጣቢያ የቲቪ-ኤኤም ታሪክም በዚህ ሙያ ላለ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠና ነው ብዬ አምናለሁ። ጣቢያው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1983 የጀመረው በዴቪድ ፍሮስት፣ በአና ፎርድ፣ በማይክል ፓርኪንሰን፣ በአንጄላ ሪፖንና በሮበርት ኪ ነው። አምስቱም በየቤቱ የሚታወቁ ነበሩ። ሥራ አስፈጻሚው ፒተር ጄይ ቀደም ሲል በዋሽንግተን የአገሩ አምባሳደር ሆኖ የሠራ ሰው ሲሆን፣ የጋዜጠኝነት ተልዕኮ ማስረዳት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ቢቢሲ ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ በጃንዋሪ 17 የራሱን የጠዋት ፕሮግራም አስጀምሯል። ፍራንክ ቦፍ ሹራብ ለብሶ፣ ሰሊና ስኮት ከጎኑ ሆና ቀይ ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ ኮከብ ቆጣሪ አለ፣ አረንጓዴ ልብስ ለብሳ ስፖርት የምታሠራ ሴት አለች። ቁም ነገረኛ ይሆናል የተባለው ቢቢሲ ዘና ብሎ ሲመጣ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደረው ጣቢያ ኮስተር ብሎ ቀረ። ገና ዓይኑን ያልገለጠ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት አያስቸግርም።

በማርች ጄይ ለቀቀ። በኤፕሪል ፎርድና ሪፖን ተሰናበቱ። የተመልካቹ ቁጥር ወደ 200,000 ወርዶ ነበር። በሜይ ግሬግ ዳይክ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ሲገባ ያደረገው አዲስ ሕንፃ መሥራት ወይም ስም መቀየር አልነበረም። ስፖርት ያቀርብ የነበረው ኒክ ኦወን ዋናው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ከቢቢሲ አን ዳይመንድ መጣች። ሁለቱ ቀደም ሲል በክልል ጣቢያ አብረው ሠርተው ስለነበር መተዋወቃቸው በማስመሰል አልነበረም። የሕፃናት ዝግጅት ኃላፊዋ አን ዉድ በፋሲካ የትምህርት ቤት ዕረፍት ያስገባችው ሮላንድ ራት የተባለው የአይጥ አሻንጉሊትም በክረምቱ ዕረፍት እንደገና ልጆቹን ሰበሰበ። ዓመቱ ሳያልቅ ተመልካቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ጣቢያውን ያዳነችው አይጧ ናት የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል። እኔ ግን ከፊሉን ብቻ ነው የምቀበለው። አሻንጉሊቱ ልጆችን አመጣ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ወላጆቹን ያቆያቸው የዳይመንድና የኦወን ጨዋታ ነው። ዝነኞቹ አምስቱ እያንዳንዳቸው የተዋጣላቸው ጋዜጠኞች ነበሩ፤ አብረው ሲቀመጡ ግን ቤተሰብ አልሆኑም።

ከሶፋው የሚነሣው ሰው

በአዲስ መልክ ማስጀመር ሲባል ሁሉም ስለሚመጣው አቅራቢ ያስባል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሚሄደው ሰው በኩል ነው። ተመልካቹ ያንን ሰው ለዓመታት በሌሊት ልብሱ ሆኖ አይቶታል፤ ሲባረር ዘመዱ የተነካ ያህል ይሰማዋል። አለቆች ይህን ስሜት የዋህነት አድርገው ሲንቁት ዋጋ ከፍለዋል።

"ቱዴይ" ይህን ሁለት ጊዜ አይቷል። በ1990 መጀመሪያ ጄን ፖሊ ወጥታ ዴቦራ ኖርቪል ስትተካ፣ ተመልካቹ ነገሩን አንዷ ሌላዋን እንደገፋች አድርጎ ነው ያየው። ፕሮግራሙ በኤቢሲው "ጉድ ሞርኒንግ አሜሪካ" ተበለጠ፤ ማገገም የጀመረውም በ1991 ኬቲ ኩሪክ ከመጣች በኋላ ነው። በ1994 ወደ ሮክፌለር ፕላዛ፣ መስኮቱ ወደ ጎዳና ወደሚያሳየው ስቱዲዮ ሲዛወር ሕዝቡ ራሱ የዝግጅቱ አካል ሆነ። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮም በተከታታይ 852 ሳምንታት መሪ ሆኖ ዘለቀ። ይህ ጉዞ በኤፕሪል 2012 ተቋረጠ። የተወሰደው እርምጃ አን ከሪን ማንሣት ነበር፤ ዋናውን ወንበር ከያዘች አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። በጁን 28 ሶፋው ላይ፣ አብሯት የሚያቀርበው ማት ላወር አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንባዋን እየጠረገች ተሰናበተች። ያ ስንብት በስቱዲዮ ውስጥ የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን ቤት ያሉትንም አቆሰለ፤ የቀድሞው መሪነትም ለተፎካካሪው አለፈ።

ከ5 ዓመት በኋላ የሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በኖቬምበር 2017 ላወር ተገቢ ባልሆነ ወሲባዊ ምግባር ክስ ሲባረር ሳቫና ገስሪ ዜናውን ራሷ በቀጥታ ስርጭት አነበበች፣ ሆዳ ኮትቢ አጠገቧ ነበረች። ምንም አልተሸፋፈነም። በጃንዋሪ 2018 ኮትቢ ቋሚ ተባባሪ አቅራቢ ሆነች፤ ይፈርሳል የተባለው ፕሮግራም አልፈረሰም።

"ጉድ ሞርኒንግ አሜሪካ"ም ተመሳሳይ ትምህርት ወስዷል። ጆን ላንደንና ቻርለስ ጊብሰን ሄደው ወጣት ጥንድ ሲተካ ተመልካቹ ሸሸ። በጃንዋሪ 1999 ኤቢሲ ጊብሰንን መልሶ ከዳያን ሶየር ጋር አስቀመጠው። ጊዜያዊ መፍትሔ ተብሎ ነበር፤ ጊብሰን እስከ 2006፣ ሶየር እስከ 2009 ቆዩ።

ስም መቀየር

የደይብሬክ ታሪክ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የተጣለው ነገር ዋጋ ነበረው። የብሪታንያው ጣቢያ አይቲቪ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የጠዋት ፕሮግራም ጂኤምቲቪን ዘግቶ በሴፕቴምበር 6 ቀን 2010 ደይብሬክን አስጀመረ። ኤድሪያን ቻይልስና ክሪስቲን ብሊክሊ ከቢቢሲ የምሽት ፕሮግራም መጡ። አዲስ ስም፣ አዲስ ስቱዲዮ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ቴምዝ ወንዝን የሚያሳይ መስኮት። በሴፕቴምበር መስኮቱ ያምራል፤ በለንደን የብርድ ወራት ግን ጠዋቱ ጨለማ ነው። የምሽት አቅራቢም ጠዋት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚያስቅ ፌዝ ገና በነቃ ሰው ጆሮ ውስጥ መራራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በዲሴምበር 2011 ወጡ፤ በሴፕቴምበር 2012 ሎሬን ኬሊና አሌድ ጆንስ ቦታውን ያዙ፤ በኤፕሪል 2014 ፕሮግራሙ ተዘጋ።

ተተኪው "ጉድ ሞርኒንግ ብሪቴን" በዚያው ወር 28 ሲጀምር ከቢቢሲ የመጣችው ሱዛና ሪድ ዋና ፊቱ ሆነች፤ አቅራቢዎቹም ከሶፋ ይልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አጀማመሩ ደካማ ነበር። ፒርስ ሞርጋን ከ2015 መጨረሻ በቋሚነት ሲገባ ክርክሩ ሞቀ፣ ስሙ በየቀኑ ይነሣ ጀመር። ይህ መንገድ ይሠራል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን በአንድ ሰው ቁጣ ላይ ያንጠለጥለዋል። በማርች 2021 ሞርጋን ስለ ልዑል ሃሪ ባለቤት ስለ ሜጋን ማርክል በተናገረው ምክንያት ለስርጭት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በአስር ሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ ቀርቦ፣ እሱም ወዲያው ለቀቀ።

ከመሪው ጋር ሳይመሳሰሉ

በአሜሪካ ለዓመታት ሦስተኛ ሆኖ የኖረው ሲቢኤስ ስሙንና አቅራቢውን እየቀያየረ ብዙ ሞክሯል። በጃንዋሪ 2012 ግን ሌሎቹን መምሰል ተወ። በአዘጋጁ ክሪስ ሊክት መሪነት የምግብ አሠራርና የፋሽን ወሬ ቀርቶ፣ ቻርሊ ሮዝና ጌል ኪንግ በክብ የመስታወት ጠረጴዛ ዙሪያ ዜና ያወሩ ጀመር። መክፈቻው የዕለቱን ዓለም በ90 ሰከንድ የሚያሳይ ቅንብር ነበር፤ ካልሲውን እያጠለቀ ያለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ሦስተኛነቱ አልተለወጠም፣ ተመልካቹ ግን ለዓመታት አደገ። በአውስትራሊያ "ሰንራይዝ" በ2002 ሌላ መንገድ ያዘ። አዘጋጁ አዳም ቦላንድ ተመልካቹ በኢሜይል የሚልከውን አስተያየት ወደ አየር አወጣ፣ የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛውን ዴቪድ ኮክን ከሜሊሳ ዶይል ጎን አስቀመጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ተፎካካሪውን አለፈ።

ሥራው እንዴት ይሠራል

በአብዛኛው ማስጀመሪያው ከትምህርት ቤት ዕረፍት ማብቂያ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል፤ ቤተሰብ የጠዋት ልማዱን እንደ አዲስ የሚያበጀው ያኔ ነው። የሙከራ ቅጂዎች በትክክለኛው ሰዓት መቀረጽ አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ተቀርጾ ያማረ ጨዋታ ሌሊት 9 ሰዓት በነቁ ሰዎች አፍ ሲነገር ሌላ መልክ አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ለማየት ጉጉት ስላለው ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ያንን መውረድ አይተው የሚደነግጡ አለቆች በየወሩ አንድ ነገር ሲቀይሩ፣ ሊለምድ የጀመረው ተመልካች እንደገና ይጠፋበታል። የአየር ሁኔታውንና የዜናውን ደቂቃ ሳይነኩ፣ አቅራቢዎቹን ቢያንስ አንድ ዓመት መታገሥ ከማንኛውም አዲስ ሎጎ ይበልጣል።

አሁን ችግሩ ተፎካካሪ ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ ሰው አልጋው ላይ እያለ ስልኩን ነው የሚያነሣው። "ቱዴይ" በጁላይ 2020 ቀኑን ሙሉ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ቻናል ከፈተ። አይቲቪ ደግሞ በሜይ 2025 የ"ጉድ ሞርኒንግ ብሪቴን"ን ሰዓት በ30 ደቂቃ እንደሚያራዝም፣ ዝግጅቱንም ወደ ዜና ክፍሉ እንደሚያዛውርና ከ200 በላይ የሥራ መደቦች እንደሚቀነሱ አስታውቋል። ረዘም ያለ ስርጭት በጥቂት ሠራተኛ ማለት ነው።