«ጉበት ላይ እብጠት ታየ» ሲባል

ባሕር ዳር አልትራሳውንድ ተነስተው ይህን የሚል ወረቀት የያዙ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ካንሰር ነው? አልትራሳውንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይለይም። የሚለየው በደም ሥር ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ ፈሳሽ) ተሰጥቶ በ35 ሰከንድ፣ በ70 ሰከንድ ገደማ፣ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደጋግሞ የሚነሳ ሲቲ ነው፤ ኤምአርአይም ይሆናል። አንዴ ብቻ የተነሳ ሲቲ ብዙ ጊዜ ያስደግማል፤ ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

ካንሰር ያልሆነው የደም ሥር እብጠት፣ ሄማንጂዮማ፣ ኮንትራስቱን ከጠርዙ በነጠብጣብ ይቀበልና ቀስ እያለ ወደ መሃል ይሞላል፤ ትንንሹ ግን ወዲያው ሙሉ ሊደምቅ ይችላል። ለምሳሌ ሄፓታይተስ ቢ ኖሮት ጉበቱ የጠጠረ ሰው ላይ መጀመሪያ ደምቆ ኋላ ከጉበቱ ይልቅ የሚደበዝዝ እብጠት የጉበት ካንሰርን በጣም ያስጠረጥራል።

አስቸጋሪው ከደም ሥር የሚነሳው ካንሰር፣ አንጂዮሳርኮማ ነው። ብርቅ ነው፤ ሄማንጂዮማን ሊመስል ይችላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ በርከት ብሎ ይታያል፣ በወራት ውስጥም ያድጋል። ስለዚህ የድሮው ምስል ያለበትን ሲዲ አትጣሉ፤ ወረቀቱ ብቻ ለማወዳደር አይበቃም።