ፓወር ምንድን ነው? በኮሌጅ ፉትቦል ጠፋ ተብሎ የተመለሰው ሩጫ

ቀኑ ኖቬምበር 11፣ 2023 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፔን ስቴትን ሊገጥም ፔንሲልቬንያ ሄዷል። ስታዲየሙ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይዟል። ሚሺጋን ጄ ጄ ማካርቲ የሚባል ጎበዝ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ አለው። ከጥቂት ወራት በኋላ በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የተወሰደ ልጅ ነው። በዚያ ቀን ግን ኳሷን የወረወረው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ሚሺጋን ጨዋታውን የጨረሰው በተከታታይ 32 ጊዜ በመሮጥ ነበር። በመሃል አንዴ ሊወረውሩ ሞክረው ነበር። እሱም በተከላካዩ ጥፋት ስለተቋረጠ በመዝገብ አልገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ስታዲየሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፔን ስቴቶችም ያውቃሉ። ማስቆም ግን አልቻሉም። ሚሺጋን 24 ለ 15 አሸነፈ።

እነዚያ ሩጫዎች ሁሉ በሙያው ቋንቋ ፓወር የሚባሉ አልነበሩም። መንፈሳቸው ግን የፓወር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ «አለቀለት፣ ያረጀ ነገር ነው» ሲባል የኖረ አጨዋወት ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደደከመና ለምን ነፍስ እንደዘራ ላስረዳ።

ለእግር ኳስ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ውስጥ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ከምናምን ወደፊት መሄድ አለበት። ከሄደ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። ወደፊት ለመሄድ ወይ ኳርተርባኩ ይወረውራል፣ ወይ አንዱ ይዞ ይሮጣል። ሯጩ ራኒንግ ባክ ይባላል። ፊት ለፊቱ መንገድ የሚከፍቱለት አምስት ግዙፍ ሰዎች አሉ፤ መሃል ላይ ሴንተር፣ ግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ዳር ላይ ታክሎች። ከእነሱ ጎን ታይት ኤንድ ይቆማል። ድሮ ደግሞ ከራኒንግ ባኩ ፊት ፉልባክ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር። ሥራው በአብዛኛው ሰው መግጨት ነው።

ፓወር የአንድ የተወሰነ ሩጫ ስም ነው። ሩጫው ወደ ቀኝ ነው እንበል። በቀኝ በኩል ያሉት የመስመር ሰዎች ፊት ለፊታቸው ያለውን አይገፉም። ሁሉም ወደ ውስጥ፣ ወደ መሃሉ ይደፋሉ። ሁለቱ ደግሞ ተባብረው አንድ ተከላካይ ላይ ይወጡበታል። ፉልባኩ ዳር ላይ የቆመውን ተከላካይ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እንግዲህ ውስጥ ያሉት ወደ ውስጥ፣ ዳር ያለው ወደ ውጭ ሲሄድ መሃላቸው ይከፈታል። እስካሁን ቆንጆ ነው፣ ግን አላለቀም። በግራ በኩል ያለው ጋርድ ቦታውን ይለቃል። ከጓደኞቹ ጀርባ ዞሮ ሮጦ ይመጣና በተከፈተው በር ቀድሞ ይገባል። በሩ ላይ የሚጠብቀውን ላይንባከር፣ ማለትም ከተከላካይ መስመሩ ጀርባ የሚቆመውን ሰው፣ ይገጫል። ራኒንግ ባኩ የሚከተለው ይህንን ጋርድ ነው።

የውበቱ ማዕከል እሱ ነው። ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው የራሱን ማሳ ትቶ ለደቦ ወደ ማዶ ሲሮጥ ማየት ነው። ኳሱን አይነካም። ስሙ በቴሌቪዥን አይጠራም። ከእሱ ጀርባ የተገኘው ያርድ ግን የእሱ ነው። ጨዋታ ስታዩ ኳሱን ለአፍታ ተዉትና ጋርዶቹን ተመልከቱ። ጨዋታው ሌላ ይሆንባችኋል።

ብዙ ሰው ፓወርን የጉልበት ብቻ ነገር ያደርገዋል። እውነት ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል። ከስሩ ያለው ግን ሒሳብ ነው። አስራ አንድ ለአስራ አንድ ሲገጥሙ አጥቂው ቡድን ሁለት ሰው ይጎድለዋል። አንዱ ኳሱን የያዘው ሯጭ ነው። ሌላው ኳሱን ሰጥቶ ቆሞ የሚያየው ኳርተርባክ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው አስራ አንድ ሰው መግፋት አለበት። ሒሳቡ አይሞላም። ፓወር ይህንን ጉድለት የሚሸፍነው ሰው በማዘዋወር ነው። በሜዳው ሁሉ ባይበልጥም እዚያች በር ላይ ይበልጣል። ሌላው ግራ ሆነ ቀኝ፣ ለዚያች ሰከንድ ግድ የለውም።

በኮሌጅ ደረጃ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የዚህ መንገድ ፊት የኦሃዮ ስቴቱ ዉዲ ሄይስ ነበር። ከ1951 እስከ 1978 አሰልጥኗል። አጨዋወቱን ሰው «ሦስት ያርድና የአቧራ ደመና» ብሎ ሰየመው። ሦስት ሦስት ያርድ ካገኘህ በአራት ሙከራ አስራ ሁለት ነው፤ ማንም አያስቆምህም። የቀድሞ ረዳቱ ቦ ሼምቤክለር በ1969 ሚሺጋን ሄዶ ያንኑ መንገድ በመምህሩ ላይ አዞረው። ሁለቱ አሥር ዓመት ተፋለሙ። ዛሬ ኮሎምበስ ወይም ዲትሮይት አካባቢ የሚኖር ሰው በኖቬምበር መጨረሻ፣ ሁለቱ ቡድኖች ሲገጥሙ፣ ከተማው ለምን እንደሚያብድ ከገረመው ሥሩ እዚያ ነው።

ለእኔ ግን ከፍታው ነብራስካ ነው። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ገደማ የሆነ፣ በቆሎ የሚበቅልባት ጠፍጣፋ ግዛት ናት። ባሕር የለ፣ ትልቅ ከተማ የለ፤ ፈጣን ልጆች ከቴክሳስና ከካሊፎርኒያ ተነስተው ወደዚያ ለመሄድ ብዙ ምክንያት የላቸውም። ያላት ትልልቅና ታታሪ የገበሬ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ያለ ስኮላርሺፕ፣ በራሳቸው ወጪ ገብተው ዓመታት ጠብቀው የሚሰለፉ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በ1969 ቦይድ ኢፕሊ የሚባል የክብደት አሰልጣኝ ቀጠረ። ያኔ ብዙ አሰልጣኞች ብረት ማንሳት ተጫዋችን ያዘገያል ብለው ያምኑ ነበር። ቶም ኦስቦርን ደግሞ ከ1973 እስከ 1997 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 255 ጨዋታ አሸነፈ። የ1995ቱ ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ ወደ 400 ያርድ በሩጫ ብቻ ያገኝ ነበር። በፍጻሜው ፍሎሪዳን ገጠመ። ፍሎሪዳ በዘመኑ በመወርወር የተካነ፣ የወደፊቱ ቡድን የሚባል ነበር። ነብራስካ 524 ያርድ ሮጦ 62 ለ 24 ሸኘው።

ከነብራስካ የወጣ ሌላ ነገርም አለ። በ1980ዎቹ ዋሽንግተን ዲሲ የኖሩ ሐበሾች የአሰልጣኝ ጆ ጊብስን የኤንኤፍኤል ቡድን ያስታውሱ ይሆናል። ከተማው ያበደላቸው ግዙፍ የመስመር ሰዎች ነበሩ፤ «ሆግስ» ይባሉ ነበር። ዋነኛ ሩጫቸው ጋርድና ታክል አንድ ላይ ዞረው የሚመጡበት ካውንተር ነው። ጊብስ ይህንን ከነብራስካ ፊልም አይቶ እንደወሰደው ይነገራል። ካውንተር የፓወር የቅርብ ዘመድ ነው።

ታዲያ ለምን ደከመ?

መልሱ ያው ሒሳቡ ነው። ሌላ ሰው በርካሽ ፈታው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ግሌንቪል በምትባል ትንሽ ኮሌጅ፣ ሪች ሮድሪገዝ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ነበር። እንደሚተረከው አንድ ቀን በልምምድ ላይ ኳርተርባኩ ኳሷን ለሯጩ ሲሰጥ ተሳሳተ። ቀና ሲል ዳር ላይ ያለው ተከላካይ ሯጩን ሊይዝ ወደ ውስጥ ሲገባ አየ። ስለዚህ ራሱ በባዶው ቦታ ሮጠ። አሰልጣኙ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ጠየቀው፤ ልጁም ያየውን ነገረው። ከዚያ «ዞን ሪድ» የሚባለው ነገር ተወለደ። ዳር ያለውን ተከላካይ ማንም አይገፋውም። ኳርተርባኩ ያየዋል። ወደ ውስጥ ከገባ ኳሱን ያስቀራል፣ ዳር ከቆመ ይሰጣል። አንድ ተከላካይ ያለ ምንም ግፊት ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ፓወር ጋርድ ከማዶ አምጥቶ የሚሠራውን ይህ በዓይን ብቻ ሠራው።

በሌላ በኩል ሃል ሙሚና ማይክ ሊች የመወርወሩን መንገድ ይዘው መጡ። ከአዮዋ ዌዝሊያን ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ ተነስተው ሊች በ2000 ቴክሳስ ቴክ ደረሰ። ተጫዋች በሜዳው ስፋት ሁሉ ይበተናል፤ ስሙም ስፕሬድ ነው፣ መበተን። ተከላካዩም ተከትሎ ይበተናል። ያኔ ግዙፍ ሰው ባይኖርህም ትጫወታለህ። ጊዜውም ለዚህ ምቹ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ 105 ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር፤ በ1990ዎቹ ወደ 85 ወረደ። ጥሩ ልጆች ወደ ትንንሾቹ ቡድኖች ተዳረሱ። በኮሌጅ ሕግ የመስመር ሰው ኳስ ከመወርወሩ በፊት እስከ 3 ያርድ ወደፊት መሄድ ይፈቀድለታል፤ በኤንኤፍኤል 1 ብቻ ነው። ይቺ ትንሽ ልዩነት ሩጫ አስመስሎ መወርወርን አቀለለችው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ወደ ስፕሬድ ዞሩ። ፉልባክ የሚሆን ልጅ ፉልባክ ሆኖ ማደጉ ቀረ።

ነብራስካ ራሷ ሥሯን ነቀለች። በ2003 ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት ከተሸነፈ በኋላ አሰልጣኙ ተባረረ። አዲሱ አሰልጣኝ የመወርወር ሥርዓት ይዞ መጣ። በ2004 ቡድኑ 5 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ከ1961 ወዲህ የመጀመሪያው የኪሳራ ዓመት ነበር። እስከ ዛሬ ያ ክብር አልተመለሰም። ይህንን ሳስብ ያመኛል። አንድ ቦታ ለራሱ አፈርና ለራሱ ልጆች የሚስማማ ነገር በስድሳና ሰባ ዓመትም ላያገኝ ይችላል፤ በአንድ ክረምት ግን ይጥለዋል።

አላባማም ቢሆን ተቀየረ። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ኒክ ሳባን በ2012 ስለ ፈጣኑ አጨዋወት ሲጠየቅ፣ ፉትቦል እንዲህ እንዲሆን ነው ወይ የምንፈልገው ብሎ ነበር። በ2014 ግን ዘመናዊ ጥቃት የሚሠራለትን ሌን ኪፊንን ቀጠረ። በ2015 ገና ዴሪክ ሄንሪ ነበረ። ያ ግዙፍ ልጅ 2,219 ያርድ ሮጦ ሄይዝማን የሚባለውን የዓመቱ ምርጥ ሽልማት ወሰደ። በ2020 ከአላባማ ያንን ሽልማት የወሰደው ኳስ ተቀባይ ነው። ከሄንሪ ወዲህ ባሉት ዓመታት አንድም ራኒንግ ባክ አልወሰደውም።

ፓወር ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ስፕሬድ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። በ2010 የኦበርኑ ካም ኒውተንን ያየ ያውቃል። አካሉ የላይንባከር ነው፣ ቦታው የኳርተርባክ። ጋርዱ ዞሮ ይመጣል፣ የሚከተለው ራሱ ኳርተርባኩ ነው። አሁን ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ዘጠኝ የነበሩት ገፊዎች አስር ሆኑ። የድሮው ሩጫና አዲሱ ሒሳብ ተጋቡ። ኦበርን ዋንጫውን ወሰደ።

ፓወር የተመለሰበት ሁለተኛው ምክንያት ከተከላካዩ ወገን መጣ። ስፕሬድን ለመያዝ ሁሉም ቡድን ፈጣን ሰው ፈለገ። ከባዱ ላይንባከር ወጣ፤ በምትኩ 90 ኪሎ የሚሆን አምስተኛ የኋላ ተከላካይ ገባ። አዮዋ ስቴት ሦስት ሰው ከኋላ አርቆ የሚያቆም ሥርዓት ሠራና ብዙዎች ተከተሉት። ፊት ለፊት የቀሩት ስድስት፣ አንዳንዴ አምስት ናቸው። ታዲያ ሁለት ታይት ኤንድ አሰልፈህ ጋርድ ብታዞርበት ያ ቀላል ሰው ምን ያደርጋል? ልምምዱም የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ሲሮጥ የከረመው ኳስ ተቀባይ ተከትሎ ነው።

ሚሺጋን ይህንን አየ። በ2021 ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ሲያሸንፍ ራኒንግ ባኩ ሃሰን ሃስኪንስ አምስት ታችዳውን ሮጠ፤ ማለትም ኳሱን አምስት ጊዜ እስከ ጎል መስመሩ አደረሰ። በ2021ና በ2022 የመስመር ሰዎቹ የአገሪቱ ምርጥ ተብለው ተሸለሙ። ጃንዋሪ 8፣ 2024 በፍጻሜው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 13 አሸነፈ። ዋሽንግተን በማይክል ፔኒክስ ውርወራ የታወቀ ቡድን ነበር። ሚሺጋን 303 ያርድ ሮጠበት። በቀጣዩ የውድድር ዘመን፣ በ2024፣ የቦይዚ ስቴቱ አሽተን ጄንቲ 2,601 ያርድ ሮጠ። ባሪ ሳንደርስ በ1988 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 2,628 ነው፤ 27 ያርድ ብቻ ቀረው።

ዊስኮንሰንም አለ። በመስመር ሰዎቹና በሯጮቹ የኖረ ትምህርት ቤት ነው። በ2023 ሁሉን ትቶ የሊችን ዘር ሥርዓት ሞከረ። ኖቬምበር 2024 ላይ የጥቃት አሰልጣኙን አሰናበተ። በምትኩ በሩጫ የሚታወቅ ሰው አመጣ።

ተመለሰ ስል ግን የ1995ቱ ነብራስካ ተመለሰ ማለቴ አይደለም። ፉልባኩ አልተመለሰም። ሥራውን ታይት ኤንድ ይሠራለታል። ኳርተርባኩም አብዛኛውን ጊዜ ከሴንተሩ ርቆ ነው የሚቆመው። መወርወር የማይችል ቡድን ደግሞ አሁንም ሩቅ አይሄድም። ለዚህ ምስክሩ ራሱ ሚሺጋን ነው። በ2024 የሚወረውር ሰው አጣ፤ አምስት ጊዜ ተሸነፈ። ኖቬምበር 30 ግን ኮሎምበስ ሄዶ፣ 62 ያርድ ብቻ ወርውሮ፣ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸነፈ። ኦሃዮ ስቴት ያንን ሽንፈት ተሸክሞ ወደ ፕሌይኦፉ፣ ለዋንጫ ወደሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ገባ። አስፈሪ ተቀባዮች ነበሩት፤ ሥራውን የሚከፋፈሉ ሁለት ጠንካራ ራኒንግ ባኮችም ነበሩት። ጃንዋሪ 20፣ 2025 ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው።