«ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ»፦ በቤተሰብ ችሎት ለሚቆም ምእመን ጠበቃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 ቁጥር 17 «ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ» ይላል። እዘኑላት ብሎ አላበቃም፤ ተሟገቱ አለ። ቃሉ የጠበቃ ቃል ነው።

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ጠዋት ችሎት በር ላይ የሚቆመውን ሰው ሁላችን እናውቀዋለን። የመሬት ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ብሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ሕፃን አዝላ የመጣች እናት። ራቅ ብሎ ደግሞ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ተደግፎ መሬት መሬት የሚያይ ባል። ሁለቱም የክርስትና ስም አላቸው። ጠበቃ በአንደኛው በኩል ይቆማል፤ ሌላውን ግን እንዲጠላ ማንም አልቀጠረውም። ሰውን ቶሎ የሚያዝለውም የመዝገቡ ብዛት ሳይሆን ይህ ያልተከፈለበት ጥላቻ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 6 ሁለት ነገር ጽፏል። በቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ከባድ ሸክም ይሸከም ይላል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። የሚጋጭ ይመስላል። ለገበያ አህያ የጫነ ሰው ግን ነገሩ አይጠፋውም። ጭነቱ ሲያጋድል ያየ መንገደኛ ደገፍ አድርጎ ያቃናል፣ ገመዱን ያጠብቃል፣ ከዚያ መንገዱን ይሄዳል። ጭነቱን ወደ ራሱ ቤት አይነዳም። አቤቱታው፣ ማስረጃው፣ ቀጠሮው፣ እውነቱን መናገር የጠበቃው ነው። መታረቅ ወይም መፋታት ግን የባለጉዳይዋ ነው። ይህን ድንበር ያፈረሰ ጠበቃ በመጀመሪያ ባለጉዳይዋን ያዛታል፣ ቀጥሎ ይቆጣታል፣ በመጨረሻ ስልኳን አያነሳም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እንቆይ። ቢያንስ 10 ደቂቃ እስክሪብቶ ሳታነሡ ስሟት። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ሰዎች ነንና ሰምና ወርቅ አይጠፋንም፤ «ደብተሩን ያምጣልኝ» የሚለው ሰሙ ነው፣ ወርቁ በሰርግ ወይም በልቅሶ በሰው ፊት የተዋረደችበት ቀን ሊሆን ይችላል። ወርቁን ያልሰማ ጠበቃ በመሬቱ ይረታና ባለጉዳይዋ እያለቀሰች ትሄድበታለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ልጆቹ ትናንት የት አደሩ? በጎተራ ያለው እህል በማን እጅ ነው? መትቶሽ ያውቃል?

ሦስተኛው ጥያቄ አዎ ከተባለ የሽማግሌው መንገድ ይለወጣል። እኛ ምእመናን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕርቅ የተወደደ ስለሆነ የተደበደበችን ሴት ከደብዳቢዋ ጋር በአንድ ምንጣፍ እናስቀምጣለን፣ ዝምታዋን ይቅርታ እንለዋለን። የሰሎሞንም ታሪክ (1ኛ ነገሥት 3) ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል፤ «እውነተኛይቱ እናት የተወችው ናት፣ አንቺም ለሰላም ብለሽ ተዪው» ይባላል። ንጉሡ ግን የተወችውን ባዶ እጇን አልሰደዳትም፤ ልጁን የሰጠው ለእርሷ ነው። በሽምግልና ያለቻቸውን ትተው የሚመጡ እናቶችን በዚህ ፍርድ መዝናችሁ ጠብቁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን አነጋግሮ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ማድረግ ወይም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ መስጠት እንደሚችል ይደነግጋል። አቤቱታው እንደቀረበም ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ጎጃም ውስጥ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነውና አንቀጹን ከእርሱ አውጡ። የጊዜያዊ ቀለቡን ጥያቄ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታሳድሩት፤ ከፍቺው አቤቱታ ጋር በአንድ ቀን ይግባ። 3 ወር ለትልቅ ሰው ማሰቢያ ነው፣ ለሕፃን ግን የ3 ወር ራት ነው።

አቤቱታ ስትጽፉ ቅጽሉን አውጡና ቀኑን አስገቡ። «ጨካኝ አባት ነው» የሚለውን ሰርዛችሁ «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለሁለቱ ልጆች ምንም ቀለብ አልሰጠም» በሉ። ዳኛው በሁለተኛው ይሠራል፤ በመጀመሪያው ግን ባልየው ለመልሱ ስድብ ያዘጋጃል፣ ነገሩ ከዚያ አይመለስም። ያ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጁ አድጎ ሊያነበው ይችላል። የቀለቡ መጠንም ከአየር አይመጣም፦ እህል፣ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ ሕክምና ለየብቻ ይቆጠር። አባትየው ገበሬ ከሆነ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ የለውም። በነሐሴ ብር አምጣ የሚል ስምምነት ወዲያው የአፈጻጸም መዝገብ ይወልዳል። ስምምነቱ መኸሩ ከተወቃ በኋላ ስንት ኩንታል ጤፍ ወይም ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ፊት እንደሚሰጥ ይናገር።

ጸሎትን በተመለከተ፣ ባለጉዳይዋን የክርስትና ስሟን ጠይቁና በሠርክ ጸሎት አንሡት። የባልየውንም ጠይቋት፤ ስትነግራችሁ ፊቷ ትንሽ ይፈታል። በጽዋ ማኅበር ግን አደራ! «ስሟን አልጠራም እንጂ አንዲት ከቢቸና የመጣች፣ መንታ ያላት…» ያለ ሰው ስሟን ጠርቷል፤ ለቅዳሜ ገበያ ወሬው ይደርሳል። ለንስሐ አባትም የራሳችሁን ቁጣና መታከት ተናዘዙ፣ የእርሷ ምስጢር የእናንተ ኃጢአት አይደለም።

የነጻ አገልግሎት ጉዳይም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሠራ ይል ነበር። ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም። ቀኑን ለይታችሁ ካልወሰናችሁት ግን ወይ ምንም አይሰጥም፣ ወይ ቤታችሁን ይበላል።

ስለ መታከት፣ ኤልያስን ተመልከቱ (1ኛ ነገሥት 19)። በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፣ አላስተማረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ከከባድ የልጅ ክርክር ማግስት ሌላ የልጅ ክርክር አትቅጠሩ፤ የውል ወይም የወራሽነት ጉዳይ ጣልቃ ይግባ። ባለጉዳይዋን እየሰማችሁ ሰዓት ማየት ከጀመራችሁም ያ ድካም ነው፣ ገና ጭካኔ አልሆነም፤ በዚያው ሳምንት እረፉ።

መዝገቡ ሲዘጋ ዋናውን ደብተር፣ የልደት ካርዱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ መልሱላት፤ አስፈርሟት። ማንበብ ካልቻለች የምታምነው ሰው ያንብብላት። ፌስታሉ ተቀድዶ ከሆነ አዲስ ስጧት፤ በክረምት በጮቄ ተራራ በኩል የምትመለስ ሰው ዝናብ ያገኛታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።