የሕዝብ የሰማይ ምልከታ በደሴና ኮምቦልቻ

ፕላኔቶችን፣ ጨረቃዎቻቸውንና ሩቁን ጠፈር ለማንኛውም ሰው የሚያሳዩ የምሽት መርሐ ግብሮች በአገራችን ይበልጥ የታወቁት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ነው። የአገሪቱ ዋና የምልከታ ጣቢያ ያለው እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። ከደሴ እዚያ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚህ ምልከታ ሲባል አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ የትምህርት ቤት ሜዳና ረጅም ሰልፍ ማለት ነው። ይህ ግን አያንስም፤ የወሎ ሰማይ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው።

ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህ የተነሳ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብም በግንቦት ምሽቶች በደቡብ በኩል 19 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ለንደን ያለ ሰው መስቀሉን፣ ኬፕታውን ያለ ሰው ደግሞ የሰሜን ኮከብን ከቤቱ ሆኖ አያይም። የደሴ ልጅ ሁለቱንም ያያል።

የሚያስቸግረው ተራራው ነው። ጦሳ የምዕራቡን አድማስ ስለሚጋርድ የምሽቷ ቬነስና ገና የተወለደችው ቀጭን ጨረቃ ከከተማው ቶሎ ይሰወራሉ። የረመዳንን ጨረቃ ከመሀል ከተማ የፈለገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰሜኑን ለማየትም ሆነ ከመብራት ለመራቅ ገላጣው ቦሩ ሜዳ ይሻላል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ምሽቷ ጋቢ አያስደርብም፤ የፋብሪካዎቹ ብርሃን ግን ደብዛዛ ከዋክብትን ይውጣል።

ከሌላ አገር የተቀዳ የምልከታ ካሌንደር እዚህ ብዙም አይሠራም። በነሐሴ መጀመሪያ የሚዘንበው የፐርሲድ ተወርዋሪ ኮከብ በክረምቱ ደመና ይሸፈናል። ጀሚኒድ ግን ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ፣ በጠራው የበጋ ሰማይ ይመጣል። ጨረቃን ለማሳየትም ብዙዎች ሙሉ የሆነችበትን ምሽት ይመርጣሉ፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ አይኖርም፣ ጉድጓዶቿም ጎልተው አይታዩም። ከተወለደች በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ግን በብርሃንና በጨለማ ድንበር ላይ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጠርዝ ይታያል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ካለ ቀኑን በአበቅቴ ማስላት ይችላል።

ሰልፉን ከሁሉ በላይ የሚያስረዝመው ጁፒተር ነው። አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ኢዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ በመስመር እንደተደረደሩ ነጥቦች ይታያሉ፤ ጋሊሊዮ ያያቸው በ1610 እ.ኤ.አ. ነበር። ምድር ስለምትሽከረከር ፕላኔቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከመስታወቱ ሊወጣ ይችላል። አስተናባሪው ሁለት ሦስት ሰው ባየ ቁጥር ቱቦውን በጣቱ ገፋ ያደርጋል፤ «እጅ አትንኩ፣ በዓይን ብቻ» ማለትም ሥራው ነው። ኢዮ ዙሯን በ42 ሰዓት ተኩል ስለምትጨርስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ያያት ሰው 4 ሰዓት ላይ ቢመለስ ቦታዋን ለቃ ያገኛታል። ሁለቴ መሰለፍ ዋጋ አለው።

ለሩቁ ጠፈር የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽቶች ይመረጣሉ። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) የሚርቀው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ያን ጊዜ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ፣ ጨለማ ቦታ ላይ በዓይን ጭምር ይታያል። በዚያው የአንድሮሜዳ ክልል፣ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ፣ «ቡና» የተባለ ኮከብ አለ። የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ትባላለች፤ ክብደቷ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስያሜዎቹ ከኢትዮጵያ ቀርበው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በታኅሣሥ 2012 ያጸደቃቸው ናቸው። አቦል በትንሽ ቴሌስኮፕ አትታይም፤ ኮከቧ ግን በባይኖኩላር ትገኛለች፣ ለልጆችም መታየት አለባት።

ቀንም ምልከታ አለ። ሚያዝያ 11 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ፀሐይ በደሴና በኮምቦልቻ አናት ላይ ስለምታልፍ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይጥልም። ይህን ማንኛውም የፊዚክስ መምህር ያለ ምንም ወጪ ሊያሳይ ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ እዚህ በከፊል ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ መካን ሙሉ በሙሉ የሚያጨልመው ግርዶሽ በደሴ ሰማይ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ደመና ሊኖር ይችላል። የራጅ ፊልምና የፀሐይ መነጽር ዓይንን አያድኑም፤ ትምህርት ቤቶች የግርዶሽ መነጽር ከወዲሁ ቢያዘጋጁ፣ ካልተገኘም ካርቶን በስፒል በስተው የፀሐይዋን ምስል ወረቀት ላይ ማሳረፍን ቢያለማምዱ መልካም ነው።