የስታፎርድሺር ሰማያዊ ሳህን ምንድን ነው?

መሃሉ ላይ የመርከብ ውጊያ የታተመበት ደማቅ ሰማያዊ ሳህን አለ። ውጊያው በ1814 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሻምፕሌን ሐይቅ የተደረገው ነው። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ማክዶኖ የእንግሊዝን መርከቦች ድል የነሳበት። ሳህኑን የሠራው ግን ኢኖክ ዉድ እና ልጆቹ የሚባለው፣ በእንግሊዝ ስታፎርድሺር የነበረ ፋብሪካ ነው! የገዛ አገሩን ሽንፈት አትሞ ለአሸናፊዎቹ ሸጠ። እኔን የማረከኝ ይኸው ነው።

ስታፎርድሺር በእንግሊዝ መሃል አገር ያለ፣ በሸክላ ሥራ የታወቀ አካባቢ ነው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት እንዳበቃ የአሜሪካ ገበያ እንደገና ተከፈተ። ሸክላ ሠሪዎቹም አሜሪካኖች የሚወዱትን እያዩ ማተም ያዙ። በ1824 ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋየት ኒውዮርክ ሲገባ፣ የስታፎርድሺር ሸክላ ሠሪዎቹ የክሉስ ወንድማማቾች አቀባበሉን ሳህን ላይ አወጡት። በ1825 በኒውዮርክ ግዛት የተከፈተው የመርከብ መተላለፊያ፣ የኢሪ ቦይም አልቀረም።

ሥዕሉ በእጅ የተሣለ አይደለም። መጀመሪያ ባለሙያ መዳብ ላይ ይቀርጸዋል። መዳቡ ይሞቅና ኮባልት፣ ማለትም ሰማያዊ የሚሰጠው ማዕድን፣ በዘይት የተለወሰበት ቀለም ይቀባል። ከላይ ሲጠረግ ቀለሙ የሚቀረው ቅርጹ ውስጥ ብቻ ነው። ስስ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያ ይጫናል። ወረቀቱ ቀለሙ ሳይደርቅ አንዴ በተተኮሰው ሸክላ ላይ ይለጠፍና በብሩሽ ደህና አድርጎ ይታሻል። በውሃ ሲታጠብ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ሥዕሉ ይቀራል። ዘይቱ በእሳት ተቃጥሎ ይወጣል። በመጨረሻ ሳህኑ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ልባስ ውስጥ ተነክሮ ዳግም ይተኮሳል። ሥዕሉ ከልባሱ ሥር ስለሚቀር እንደዋዛ አይፋቅም።

በዚህ ዘዴ አንድ መዳብ ብዙ ሳህን ያስጌጣል። ተራ ቤተሰብም ባለ ሥዕል ዕቃ ገበታው ላይ ማስቀመጥ ቻለ። ከ1830 ወዲህ ደግሞ ሮዝ፣ አረንጓዴና ቡናማውም በረከተ።

እንዲህ ያለ ሳህን እጃችሁ ከገባ ገልብጡት። ብዙ ጊዜ የቦታው ስም ወይም የሠሪው ምልክት ከጀርባው ታትሟል። ምልክት ከሌለው ዳር ዳሩን እዩ። የባሕር ዛጎል ከከበበው የኢኖክ ዉድ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጌጡ ዞሮ የሚገጥምበትንም ፈልጉ። አንዳንዴ አበባው ለሁለት ተቆርጦ፣ ዛጎሉ ሳይገጥም ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ወረቀቱን የሚለጥፉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። ያ ያልገጠመ ቦታ አንዲት ሠራተኛ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ የወረቀቱን ጫፍ በጣቷ የተጫነችበት ነው።